ባያድነንስ?

(ስለ ፈተናና ስለ ታማኝነት ለአማኞች ጉባኤ የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

የተሰጠኝ ርዕስ «በፈተና ውስጥ ታማኝ ሆኖ መቆየት» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከጀግኖቹ ነው የሚጀመረው። እኔ ግን ከወደቀ ሰው ልጀምር።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ሰምርኔስ በምትባለው ከተማ ክርስቲያኖች ይታደኑ ነበር። የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ሁሉ በደብዳቤ ጽፋ ለሌሎች ጉባኤዎች ላከች፤ ደብዳቤው ዛሬም ይነበባል። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ከፍርግያ የመጣ ኩዊንጦስ የሚባል ሰው አለ። ይህ ሰው ማንም ሳይፈልገው፣ ማንም በሩን ሳያንኳኳ፣ በገዛ እጁ ሄዶ «ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ብቻውን ሄዶ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ሌሎችንም አደፋፍሮ አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። ክርስቲያኖች የሚጣሉላቸውን አውሬዎች ሲያይ ግን ወኔው ከዳው። የሮማውያኑ ሹም አግባባው፣ እሱም ማለ፣ ለአማልክቱም ሠዋ። በቃ።

እዚያው ደብዳቤ ውስጥ የከተማዋ ጳጳስ ፖሊካርፐስ አለ። ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ከተማውን ልቀቅ ሲሉት እንቢ ብሎ ነበር፤ ወዳጆቹ ሲለምኑት ወደ አንድ የእርሻ ቤት ሄደ፣ ፈላጊዎቹ ሲቃረቡ ደግሞ ወደ ሌላ። ተደበቀ ማለት ነው፤ ነገሩን ማለሳለስ አያስፈልግም። በመጨረሻ ሲደርሱበት፣ ሊይዙት ለመጡት ሰዎች የሚበላና የሚጠጣ እንዲቀርብላቸው አዘዘ። ለራሱ የጠየቀው ለጸሎት አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ሁለት ሰዓት ጸለየ። ሹሙ ክርስቶስን ስደብና ልልቀቅህ ባለው ጊዜ የመለሰውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ 86 ዓመት አገለገልሁት፣ አንድም ክፉ አላደረገብኝም፣ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት አድርጌ እሰድባለሁ? ነው ያለው።

ሮጦ የሄደው ወደቀ፣ የሸሸው ጸና። ደብዳቤውን የጻፉት ምእመናንም ይህ አላመለጣቸውም፤ ራሳቸውን በፈቃዳቸው አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም፣ ወንጌል እንዲህ አያስተምርም ብለው በግልጽ ጽፈዋል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ጽናት ስናወራ አንድ የተዛባ ሥዕል ስላለን ነው። ታማኝ ሰው ማለት መከራን የማይፈራ፣ እንዲያውም የሚፈልገው፣ ዓይኑ የማያነባ፣ «ለምን» የማይል ሰው ይመስለናል። ከዚያ ራሳችንን እናያለን። እንፈራለን፣ እናለቅሳለን፣ ከችግሩ ለመውጣት እንፈልጋለን፣ ሌሊት እንቅልፍ እናጣለን። «እንግዲህ እምነት የለኝም ማለት ነው» እንላለን። ጌታ ግን በጌቴሴማኒ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ ብሎ ጸልዮአል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ደቀ መዛሙርቱንም በአንዲት ከተማ ቢያሳድዱአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏቸዋል፤ ማቴዎስ 10 ላይ ነው። ከፈተናው መውጣትን መፈለግ ክህደት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቃላት በወንጌል ውስጥ ቦታ ባልኖራቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ዝም ብዬ ካለፍሁት ሰው ይጎዳል። «ታገሱ፣ ጽኑ» የሚለው ቃል በተሳሳተ እጅ ሲገባ ዱላ ይሆናል። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «መስቀልሽ ነው፣ ተሸከሚው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አይደለም። ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ቆሞ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» አላለም፤ ዘወር ብሎ በዚያች ሌሊት አመለጠ። ጳውሎስ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊን ሰው ያለ ፍርድ ልትገርፉ ተፈቅዶላችኋልን ብሎ መብቱን ጠየቀ፤ በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ከበዳይ መሸሽ፣ ሕግ ፊት መቅረብ፣ ለሰው መናገር ከታማኝነት ጋር አይጣላም። ይህን በቅጡ ሳንናገር ስለ ጽናት ባንሰብክ ይሻላል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ስለ አንድ ወረቀት ልንገራችሁ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ250 ገደማ የሮም ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ አንድ ትእዛዝ አወጣ። በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት ይሠዋ፣ መሠዋቱንም የሚያረጋግጥ ወረቀት ይቀበል አለ። ከእነዚያ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ሳይበሰብሱ ቆይተው ተገኝተዋል። ብታዩአቸው የሚያስፈራ ነገር የላቸውም። ተራ ፎርም ናቸው። ስም አለ፣ የመንደር ስም አለ፣ ከዚያ «ሁልጊዜ ለአማልክት ስሠዋ ኖሬአለሁ፣ አሁንም በፊታችሁ የመጠጡን መሥዋዕት አፍስሻለሁ፣ ሠውቻለሁ፣ ከመሥዋዕቱም ቀምሻለሁ፣ ይህንኑ አረጋግጡልኝ» የሚል ቃል፣ ከታች የባለሥልጣናቱ ፊርማና ቀን። አንዳንዱ ላይ ዕድሜና በሰውነት ላይ ያለ ጠባሳ ሳይቀር ተጽፏል፤ ሰውየው በሌላ ሰው እንዳይለወጥ መሆኑ ነው።

ያኔ በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ከተማ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ የሆነውን ጽፎልናል። ብዙዎች ገና ሳይያዙ ሮጠው ወደ አደባባይ ወጡ ይላል። መሽቶባቸው ነገ ተመለሱ ሲባሉ «ዛሬውኑ ጨርሱልን» ብለው የለመኑ ነበሩ። ምክንያቱን ሲፈልግ ዳኬዎስ ላይ ብቻ አልደፈደፈውም። ረጅም ሰላም ሆኖ ነበር፤ ሰው ሀብት ማካበት ላይ ነበር፣ ጳጳሳት ሳይቀሩ መንጋውን ትተው ንግድ ያሳድዱ ነበር ይላል። አደባባዩ ላይ የታየው ውድቀት ከዓመታት በፊት ቤት ውስጥ አልቆ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሦስተኛ ዓይነት ሰዎች መኖራቸው ነው። አልሠዉም። ግን አልታሰሩም። ለሹሙ ጉቦ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ ገዙ። አስቡት እስቲ፤ ለጣዖት አልሰገደም፣ ዕጣን አላጨሰም፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ለክርስቶስ ጸልዮአል። «ወረቀት ብቻ ነው፣ ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል» ብሏል። ወረቀቱ ላይ ግን «ሠውቻለሁ» ይላል፤ ስሙ አለበት። ቆጵርያኖስ እነዚህን ከሠዉት ጋር እኩል አላደረጋቸውም። ንጹሓን ናችሁም አላላቸውም።

እንግዲህ ከአውሬ ፊት የምንቆም ሰዎች ከመካከላችን ስንት ነን? በዓለም ላይ ዛሬም ስለ ክርስቶስ ስም የሚታሰሩና የሚገደሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ እነሱን ረስቼ አይደለም። ለአብዛኞቻችን ግን ፈተናው በወረቀት ነው የሚመጣው። አለቃህ ያልተሠራውን ሥራ ተሠርቷል ብለህ ፈርም ይልሃል። አብሮህ የሚሠራው ሰው በሐሰት ሲከሰስ አንተ እውነቱን ታውቃለህ፤ ዝም ካልህ ምንም አይነካህም። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ ማንም አይሞትበትም፣ ልጆች አሉህ፣ የቤት ኪራይ አለብህ። ልብህን ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል! ያውቃል፣ አዎ። ችግሩም እሱ ነው።

በዚያ ላይ እኛ ትንሹን ሁሉ ፈተና ማለት ለምዶብናል። ሥራ እያረፈደ ገብቶ የተባረረ ሰው «ጠላት ተዋጋኝ» ይላል። አፉን መግታት አቅቶት ከሰው የተጣላ ሰው «ስለ እውነት ተሰደድሁ» ይላል። ጴጥሮስ ይህን የሚያውቅ ይመስላል። በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ እንደ እሳት ሊፈትናችሁ ስለሚመጣው መከራ አትደነቁ ካለ በኋላ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከእናንተ ማንም ነፍሰ ገዳይ ወይም ሌባ ወይም በሰው ጉዳይ የሚገባ ሆኖ መከራን አይቀበል ይላል። በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለትን ከነፍስ ግድያ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መክተቱ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አጭሩ ፈተና ነው። አዎ ወይም አይ ብለህ የምትገላገለው። ሰው የሚያልቀው ግን በብዛት በረጅሙ ነው። አሳዳጅ የለውም፣ ታሪክም አይጻፍለትም። የማይድን በሽታ። ዓመት ከዓመት የሚጸለይበትና የማይመጣ ልጅ። ከሱስ የማይወጣ ወንድም። ሥራ ፍለጋ። በአንድ ቤት እየኖሩ የማይነጋገሩ ባልና ሚስት። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ይጠይቅሃል፣ ይጸልይልሃል። ከዚያ ሰዉም ይደክማል። «አሁንም አልተሻለህም?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ሸክም ይሆናል። እግዚአብሔርን አትክደውም። ብቻ እያነስህ፣ እያነስህ ትሄዳለህ። መጀመሪያ ጸሎቱ ያጥራል፣ ከዚያ ጉባኤ መሄድ ይቀራል፣ ከዚያ ስልክ አታነሣም፣ አንድ ቀን ዘወር ብለህ ስታይ ከእምነትህ ጋር ከተነጋገርህ ቆይቷል። ይህን የሚያህል መንገድ ስትሄድ አንድም ቦታ ላይ «ካድሁ» አላልህም።

ዮሴፍን ውሰዱ። ሕልሙን ሲያይ 17 ዓመቱ ነበር፣ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። በመካከል 13 ዓመት አለ። ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። የጠጅ አሳላፊውን ሕልም ፈታለት፣ «ስትወጣ አስታውሰኝ» አለው፣ ሰውየው ወጣ፣ ረሳው። ዘፍጥረት 40 እዚያ ላይ ያልቃል። ምዕራፍ 41 የሚጀምረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ዮሴፍ ምን አሰበ? ጸለየ? አማረረ? መጽሐፉ አንድ ቃል አይነግረንም። ሕልም የለም፣ መልአክ የለም፣ ድምፅ የለም። ጠዋት ይነሣል፣ የእስር ቤቱን ሥራ ይሠራል፣ ይመሻል። ብዙዎቻችሁ አሁን ያላችሁት ከምዕራፍ 40 መጨረሻና ከምዕራፍ 41 መጀመሪያ መካከል ነው። ምዕራፍ 41 መቼ እንደሚጀምር ልነግራችሁ አልችልም፤ የሚነግራችሁ ሰው ካለም ተጠንቀቁት።

በዚህ ረጅም ፈተና ውስጥ ላለ ሰው የምንወረውራቸው ጥቅሶች አሉ። ዋናው «እግዚአብሔር ከአቅምህ በላይ አይሰጥህም» የሚለው ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13ን ይዘን ማለት ነው። ምዕራፉን ከፍታችሁ አንብቡት። ጳውሎስ የሚያወራው ስለ ጣዖት አምልኮ፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ ማጉረምረም ነው፤ ወደ ኃጢአት ስለሚስብ ፈተና። ኃጢአት ከመሥራት በቀር ምርጫ የምታጡበት ቦታ ላይ አይጥላችሁም፣ መውጫውን ያዘጋጃል ነው የሚለው። ካንሰር ከአቅምህ በላይ አይሆንም አላለም። ልጅን መቅበር ከአቅምሽ በላይ አይሆንም አላለም። እንዲያውም እሱ ራሱ ለእነዚያው ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 1 ላይ በእስያ የደረሰበትን ሲተርክ፣ ለመኖር እንኳ ተስፋ እስክንቆርጥ ድረስ ከአቅማችን በላይ ከበደብን ይላል። ጳውሎስ ከአቅሙ በላይ ከሆነበት እኛ ምን ቤት ነን? ቀጥሎ የሚለውም፣ ይህ የሆነው ሙታንን በሚያስነሣ በእግዚአብሔር እንጂ በራሳችን እንዳንታመን ነው ይላል። አቅሙ አልቋል፤ ሙታንን የሚያስነሣውን የያዘውም ያኔ ነው።

ታዲያ አቅም ሲያልቅ ታማኝነት ምን ይመስላል? እኔ እንደማየው እግዚአብሔርን ማነጋገር አለማቋረጥ ነው። በምሬትም ቢሆን። በጩኸትም ቢሆን።

ኢዮብን ሁላችንም የምንጠቅሰው ከምዕራፍ 1 ነው፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ»። ያምራል። እሱን ይዘን ለቀስተኛ ቤት እንሄዳለን። ምዕራፍ 3ን ግን ማንም አይጠቅሰውም፤ እዚያ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ ምዕራፍ በምዕራፍ ይሟገታል፣ ይከሳል፣ ፍርድ ይጠይቃል፣ «ለምን ዒላማህ አደረግኸኝ» ይላል። ሦስቱ ወዳጆቹ ግን እግዚአብሔርን ይከላከላሉ። ንግግራቸው መድረክ ላይ ቢቀርብ «አሜን» ይባልለታል። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ሲፈርድ ለኤልፋዝ ምን አለው? እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም። ወዳጆቹ ስለ እግዚአብሔር ብዙ አወሩ፤ እግዚአብሔርን ግን አንዳቸውም አላነጋገሩትም። ኢዮብ ግን ዞሮ ዞሮ የሚጮኸው ወደ እሱ ነው።

መዝሙር 88ን የጻፈው ሰውም እንዲሁ ነው። ከሌሎቹ የሐዘን መዝሙሮች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ትንሽ ይፈካሉ። ይህኛው አይፈካም። የመጨረሻው መስመር ወዳጆቼን አራቅህብኝ ብሎ በጨለማ ነው የሚያልቀው። ይህ ጸሎት በቤተ መቅደስ መዝሙር ውስጥ ገብቶ ሕዝቡ እንዲዘምረው ተደረገ። ኤርምያስም ቢሆን ምዕራፍ 20 ላይ «አታለልኸኝ» እስከማለት ደርሷል፤ ከእንግዲህ በስሙ አልናገርም ብሎ ወስኖም ነበር፤ ግን በአጥንቶቹ ውስጥ እንደ ገባ እሳት ሆኖበት ዝም ማለት አቃተው። እነዚህን ሰዎች ዛሬ አንድ የጸሎት ቡድን ውስጥ ብናገኛቸው «መንፈሳቸው ልክ አይደለም» ብለን ለብቻ የምንጠራቸው ይመስለኛል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጸሎት ከአፋችሁ ሲወጣ አትደንግጡ። የሚያስፈራው ጩኸቱ ሲቆም ነው። በትዳርም እኮ እንዲሁ ነው፤ የሚጨቃጨቁት ገና አልተለያዩም፣ የሚያሳስቡት ጭራሽ የማይነጋገሩት ናቸው።

አካላችንም አለ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ያን ሁሉ ተአምር ካየ በኋላ ኤልዛቤል ስትዝትበት ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና «ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር የላከው መልአክ ስብከት አልሰበከለትም። ቀሰቀሰውና «ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰው፣ እንደገና ብላ አለው። ጥያቄው «ምን ታደርጋለህ?» የመጣው ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ለወራት እንቅልፍ ላጣ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ የምለው። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማነስ አይደለም። ጳውሎስ የሚወደው ባልንጀራው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጢሞቴዎስንም ሆድህን ስለሚያምህ ትንሽ የወይን ጠጅ ውሰድ ብሎ መክሮታል። «ቶሎ ቶሎ ስለሚነሣብህ ድካም» ነው ያለው፤ ሰውየው የቆየ በሽታ ነበረበት ማለት ነው። ስለ ፈውስ ብዙ የሚያውቀው ጳውሎስ ይህን በሽታ «እምነትህን አጠንክር» በሚል አላለፈውም።

ለወዳጆችም አንድ ቃል። የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች ጥሩ የሠሩበት ጊዜ አለ። መጡ፣ አለቀሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ ሕመሙ እጅግ ከባድ እንደሆነ ስላዩ ማንም ቃል አልተናገረውም። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የታመመ ሰው ጋ ስትሄዱ «ነገር ሁሉ ለበጎ ነው» ከማለታችሁ በፊት ዕቃ እጠቡለት። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡለት። ሆስፒታል አንድ ሌሊት እደሩለት። ሮሜ 8፥28 እውነት ነው፤ ግን የቆሰለው ሰው ራሱ ሲለው ነው የሚያምርበት። ከውጭ ሲነገረው ብዙ ጊዜ «ዝም በል» እንደማለት ነው።

የወደቁትስ? ይህን ሳላነሣ ብቀመጥ ኩዊንጦስን ለስድብ ብቻ ያነሣሁት ይሆናል።

የዳኬዎስ ስደት ሲበርድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከባድ ክርክር ተነሣ። የሠዉት፣ ወረቀት የገዙት ሰዎች እያለቀሱ ተመልሰው መጡ። ምን ይደረጉ? አንዳንዶች «ምንም አይደል፣ ግቡ» አሉ። በሮም ኖቫትያን የተባለው ሰውና ተከታዮቹ ደግሞ የካደ በቤተ ክርስቲያን ዳግም አይታረቅም ብለው ተለዩ። በ251 በካርቴጅ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ግን በሩን አልዘጉም፣ ወለል አድርገውም አልከፈቱትም፤ የሆነው ነገር ቀላል እንዳልሆነ እንዲታወቅ ንስሓ ይግቡ፣ ይቆዩ፣ ይመለሱ አሉ። የሚገርመው ቆጵርያኖስ ራሱ ስደቱ ሲጀመር ተሸሽጎ ነበር፤ ብዙ ታምቷል በዚህ። ከስምንት ዓመት በኋላ በ258 በሌላ ስደት ሲያዝ ግን አልሸሸም። በሰይፍ ተቆረጠ።

ጴጥሮስን ደግሞ አስቡ። ጌታ መካዱን አስቀድሞ ነግሮታል፤ ግን ከዚያ በፊት «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» አለው፤ ቀጥሎም «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና»። ገና ሳይወድቅ ሲመለስ የሚሠራው ሥራ ተሰጠው። ማርቆስም አለ፤ በጵንፍልያ ከጳውሎስ ተለይቶ የተመለሰው ልጅ። በእሱ ጉዳይ ጳውሎስና በርናባስ እስኪለያዩ ድረስ ተጣሉ። ጳውሎስ ሊሞት ሲቃረብ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። እዚያው ላይ ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወዶ ተወኝ ይላል። የሸሸው ተመለሰ፣ ቆይቶ የነበረው ሄደ። ሰውን በአንድ ቀን ሥራው መዝግቦ ፋይሉን መዝጋት የማይቻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3። ሦስቱ ሰዎች ናቡከደነፆር ፊት ቆመው ያሉትን ታውቃላችሁ፤ የምናመልከው አምላካችን ከሚነድደው እሳት ሊያድነን ይችላል። ሁላችንም እስከዚህ ድረስ እንሄዳለን። ቀጥሎ ያለችው ናት ጉሮሮ ላይ የምትቀረው፤ ባያድነንም ግን ለምስሉ አንሰግድም፣ ይህን እወቅ። ሦስቱ ከእግዚአብሔር ጋር ውል አልተዋዋሉም። «ካዳንኸን እናምንሃለን» አላሉም። የእኛ ብዙ ጸሎት ግን ውስጡ ሲታይ ውል ነው፤ አሥራት ሰጥቻለሁ፣ ጾሜአለሁ፣ ንጽሕናዬን ጠብቄአለሁ፣ እንግዲህ ያንተን ድርሻ አድርግ። መልሱ ሲዘገይ የሚሰማን ቁጣም የተበዳይ ቁጣ ነው፤ ውል የፈረሰበት ሰው ቁጣ።

እነሱ ዳኑ። እሳቱ ግን አልጠፋላቸውም፤ ገብተውበታል፣ አራተኛውንም ያዩት እዚያው ውስጥ ነው። ያልዳኑም አሉ። የሐዋርያት ሥራ 12ን በእርጋታ አንብቡት። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለው። ከዚያ ጴጥሮስን ያዘ፣ መልአክ መጣ፣ ሰንሰለቱ ወደቀ፣ የብረቱ በር ተከፈተ። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ምዕራፍ። ያዕቆብ እምነት አንሶት ነው? ጴጥሮስ በልጦ ነው? ሉቃስ አያብራራም። የያዕቆብ እናት በዚያ ሰሞን ጴጥሮስን መንገድ ላይ ብታገኘው ምን ትለው ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። ዕብራውያን 11ም እንዲሁ ነው፤ በእምነት ከሰይፍ ስለት አመለጡ ይልና ሦስት ቁጥር ወረድ ብሎ በሰይፍ ተገደሉ ይላል። ሁለቱም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም ተመስክሮላቸዋል። ለምን አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ የሚለውን እኔም አልመልስላችሁም፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱም አይመልስላችሁምና።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ጥያቄ ላንሣ፤ እንዲህ ካለ ንግግር በኋላ ሰዎች ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ነው። «መነጋገር አታቋርጡ አልህ፣ እኔ ግን መጸለይ አቃተኝ፤ አፌን ስከፍት ምንም አይወጣም። እኔስ?» የሚል።

ማርቆስ 2 ላይ አራት ሰዎች የተሸከሙት ሽባ አለ። በሩ በሰው ስለታጨቀ ጣሪያውን አፍርሰው ያወረዱት። ያ ሰው በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም። አልጸለየም፣ አልለመነም፣ አምናለሁ አላለም። ወንጌሉ የሚለው ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ ነው፤ የአምስቱንም ይሁን የአራቱን፣ ብቻ የብዙ ሰው እምነት ነው። እንግዲህ አፍህ እንቢ ካለህ የሌላ ሰው አፍ ተዋስ። መዝሙር 88ን ከፍተህ ጮክ ብለህ አንብበው፤ የተጻፈው ላንተ ዓይነት ሌሊት ነው። እሱም ካቃተህ የምታምነው አንድ ሰው ጋ ደውልና «መጸለይ አቅቶኛል፣ አንተ ጸልይልኝ» በለው። ማብራራት የለብህም። እናንተ ደግሞ እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወልላችሁ ለምን አቃተህ ብላችሁ ምርመራ አትጀምሩ። ጸልዩለት፤ ከዚያ ሐሙስ ላይ መልሳችሁ ደውሉ።